ልጇ የተከራየው ጎጆ

አርብ ጠዋት የሎጁ ሥራ አስኪያጅ የእንግዶቹን ዝርዝር ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲለጥፍ ላሙ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ማን ዓሣ እንደማይበላ፣ ማን ቃሪያ እንደሚፈራ የምታውቀው ከዚያ ወረቀት ነው። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ተጠጋችና በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። አራተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ። «ሬይመንድ ሬንጊ፣ የላንቲንግ ልጅ። ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ሕፃናት። ጎጆ ቁጥር አራት። ሁለት ሌሊት።»

ላንቲንግ ባሏ ነው፤ ግንድ ተጭኖት ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሬንጊ ልጇ ነው፣ ያለ እሱም ሌላ የላትም። ሬይመንድ የሚባለውን ግን አታውቀውም።

«ሌላ ላንቲንግ ይሆናል» አለች ለራሷ። ደግሞ ወዲያው ሌላ ላንቲንግ ከየት ይመጣል ብላ ተናደደች። ሬንጊ ከሚኖርበት ከጆሆር ከተማ ደውሎ ለመከር በዓል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እንደሚመጣ ከነገራት ሦስት ሳምንት አልሞላም። የት እንደሚያድር አልጠየቀችውም። ሰው ልጁን የት ነው የምታድረው ብሎ ይጠይቃል? የተወለደበት ክፍል ከሎጁ በታንኳ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ከወንዙ መታጠፊያ በላይ። እሱ ግን እናቱ ሳህን የምታጥብበት ቦታ ላይ ጎጆ ተከራየ።

ላሙ ሎጁ ውስጥ ምግብ ማብሰል ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት ለመንገድ ቀያሾች አብስላለች፣ ከዚያ በፊት በርበሬ ለቅማለች። ሬንጊን ብየዳ ትምህርት ቤት ከፍላ ያስተማረችው በዚህ እጇ ሠርታ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ሃያ ሁለት በር ያለው፣ በእያንዳንዱ በር አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ረጅሙ ቤታቸው ምስጡ ምሰሶውን ስለ በላው ከበዓሉ በኋላ ፈርሶ ሊሠራ ነው። ሲሠራ እያንዳንዱ በር የራሱን ምሰሶ ይተክላል። ወራሽ የሌለው በር ምሰሶ አይተከልለትም፤ የግራና የቀኝ ጎረቤት ግድግዳቸውን ይገፉና ይጋጠሙበታል፣ በሩም አለቀለት። የላሙ በር ሰባተኛው ነው። እናቷም አያቷም የሞቱት እዚያ ነው። የቤቱ አለቃ ናንታ በሩን ማን እንደሚወርስ መልስ የሚቀበለው እስከ እሑድ ብቻ ስለ ነበረ «መጥተህ በአፍህ ንገረው» ብላ ለሬንጊ በስልክ ነግራዋለች። «እመጣለሁ እማዬ፣ መጥቼ እንነጋገራለን» ነበር መልሱ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጀልባዋ ስትደርስ ላሙ ከሠራተኞቹ ጋር ተሰልፋ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሴቶቹን ለሠርግና ለበዓል ብቻ የሚለበሰውን የዶቃ አንገትጌ ያስለብሳቸዋል። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ዶቃው ደግሞ ይከብዳል። ላሙ በእጇ የቀዘቀዘ የሎሚ ሣር ውኃ ይዛ፣ በዶቃ ታንቃ፣ የሆዷን ልጅ «እንኳን ወደ ደናችን በደህና መጡ» ልትለው ቆማለች።

ሬንጊ ጥቁር መነጽር አድርጎ ወረደ። ሲያያት ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አያቴ!» ብላ በስልክ ምስል ብቻ የምታውቃት የስድስት ዓመቷ ኤልሲ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች። ሚስቱ ሜይ ፎንግ የሦስት ዓመቱን ልጅ አቅፋ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ እንዴት ነዎት? እኛ ሥራ አበዛንብዎት።» የፔናንግ ከተማ ሰው ናት፣ ጨዋ። ላሙ ምንም ያስቀየመቻት ነገር የለም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር፣ የምትሰድበው ሰው ታገኝ ነበር።

ሬንጊ ብርጭቆውን ሲቀበል ጠጋ አለና አንሾካሾከ። «እማዬ፣ ልጆቹ ሙቀት አይችሉም ብዬ ነው። ማታ እንነጋገራለን።»

«ሙቀት?» አለች፣ እሷ አላንሾካሾከችም። «አንተን ማን አቀዝቅዞ አሳደገህ?»

ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ሳቀ። «ላሙ፣ ዘመዶችሽ ናቸው እንዴ? በይ እንግዲህ ዛሬ እጅሽን አሳዪን!»

እጇን አሳየች። ምን ታድርግ። ዶሮውን በዝንጅብልና በካሳቫ ቅጠል አድርጋ ቀርከሃ ውስጥ ጠቅጥቃ እሳት ላይ አቆመችው። ለሬንጊ ልጅ እያለ እንደምትሠራለት ጨው ቀነስ አደረገች፣ ይህን በማድረጓም በራሷ ላይ ተቆጣች። ራሷ ተሸክማ ስታቀርብ ሬንጊ በሹካው ወደ ቀርከሃው እየጠቆመ ለሚስቱ ያስረዳል።

«የዚህ አገር ሰዎች እንዲህ አድርገው ነው የሚያበስሉት።»

የዚህ አገር ሰዎች! ላሙ ደሟ ፈላ። ይህ ሰው ጥርስ ያበቀለው በዚህ ዶሮ ነው። ቀርከሃውን አናቱ ላይ ብትደፋው ደስ ባላት፤ ነገር ግን በዝግታ ሳህኑ ላይ ገለበጠችውና ሩዙን አጠገቡ አስቀመጠች።

ኤልሲ ማንኪያዋን ሞልታ አነሳች። «አያቴ፣ አንቺም ብይ። አፍሽን ክፈቺ።»

«የእንግዳ ምግብ ነው የኔ እመቤት» አለች ላሙ፣ ዓይኗ ሬንጊ ላይ ተተክሎ። «እኔ የቤቱ ሠራተኛ ነኝ።» ዞራ ወጣች። ማንኪያውንም፣ ሩዙንም፣ የሳህኑን ጠርዝም አልነካችም።

አሳላፊዋ ልጅ ትሪውን ልትጥለው ምንም አልቀራት። «እትዬ ላሙ! ነክተሽ ሂጂ እንጂ!»

በዚያ ወንዝ ዳር ምግብ ተሰጥቶት ሳይነካ መንገድ የሚወጣ ሰው የለም። ባትበላ እንኳ በጣትህ ነክተህ ከንፈርህን ታስነካለህ። ካልነካህ ያልቀመስከው ምግብ ይከተልሃል፤ ከእባብ ወይም ከአዞ ጋር ያገናኝሃል። የላሙ አጎት አንድ ቁራጭ የተጠበሰ ሙዝ እምቢ ብሎ ወጥቶ ለምሽት አልደረሰም። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከጠላቷ ቤት እንኳ ሳትነካ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ከልጅ ልጇ እጅ ሳትነካ ወጣች። ምን እንደሚከተላት ታውቃለች። ንዴቷ ከፍርሃቷ በልጦ እግሯን ወደ ወንዙ ነዳው። አንገትጌውን ፈትታ መተላለፊያው ላይ ለቆመው ሥራ አስኪያጅ አስታቀፈችውና ታንኳዋ ውስጥ ገባች።

«እማዬ!»

ሬንጊ የኤልሲን ሳህን በሁለት እጁ ይዞ በሚያንሸራትተው የእንጨት መሸጋገሪያ ላይ ይሮጣል። መነጽሩ ወድቋል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሬይመንድ የተባለው ሰውዬ የት እንደ ገባ እንጃ፤ ይህ የፈራ ሬንጊ ነው።

«እማዬ፣ በፈጠረሽ ንኪው! አንድ ጊዜ! እንዲህ ሆነሽ ውኃ ላይ አትውጪ!»

«እንድነካው ከፈለግህ ቤት አምጣልኝ» አለች የሞተሩን ገመድ እየሳበች።

ሜይ ፎንግ ልጆቹን እየጎተተች ደረሰች። «የቱን ቤት? ቤቱ ፈርሷል፣ እናቴ ሎጁ ውስጥ ነው የምትኖረው አላልከኝም?»

ላሙ ጆሮዋን አላመነችም። ገመዱን ለቅቃ ልጇን አየችው። እሱ ሳህኑን ያያል።

«ፈርሷል አልክ?» አለች። ድምጿ እስከ ወጥ ቤቱ ተሰማ። «አያትህ የሞተችበትን፣ አንተን እንደ ውሻ አምጬ የወለድኩበትን፣ እኔ ቁጭ ብዬ ፈርሷል አልክ? ሰባተኛው በር ነው። ከጠፋብህ ሰው ጠይቅ!» ሞተሩ ተነሳ፣ ሄደች።

መንገዱን ሙሉ ውኃውን እያየች ነው የሄደችው። የተንሳፈፈ ግንድ ባየች ቁጥር ልቧ ዘለለ፣ ልቧ በዘለለ ቁጥር ሬንጊን ረገመችው።

እነሱም ብዙ ሳይቆዩ በሎጁ ጀልባ ተከትለዋት ደረሱ። ሃያ ሁለቱም በሮች የሚከፈቱበት ረጅሙ በረንዳ ላይ ለበዓሉ ምንጣፍ የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ፣ ሬንጊ ሳህኑን በመዳፉ ከድኖ በመካከላቸው ሲያልፍ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

«እዩት፣ ሬንጊ ለእናቱ ምሳ አመጣ!»

«ከስምንት ዓመት በኋላ! ያውም ራሷ የሠራችውን!»

ላሙ የበሯ ደፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሳህኑን ዘረጋ። ሩዙን በጣቷ ነካች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሬንጊ ትንፋሹን ለቀቀ። እሷም ለቀቀች፣ ግን አላሳየችውም።

ሜይ ፎንግ ጫማዋን አውልቃ በላሙ ጎን አልፋ ገባች። ክፍሉ ተጠርጓል። አራት ምንጣፍ በተርታ ተነጥፏል፣ ሁለቱ አጫጭር ናቸው። ጥግ ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከነፕላስቲኩ ቆሟል። ሜይ ፎንግ ማራገቢያውን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሬይ» አለች ሳትዞር፣ «ለምንድን ነው የዋሸኸኝ?»

«ልጆቹ እንዳይቸገሩ…»

«ልጆቹን ተዋቸው!» አለች ላሙ። «አፍረህብን ነው። በዚህ ወለል፣ በዚህ ግድግዳ፣ በእኔ አፍረህ ነው። እዚያ ማዶ ሎጅ ሲሆን ከፍለህ ታየዋለህ፣ እዚህ የእናትህ ቤት ሲሆን ፈርሷል ትላለህ!»

የቤቱ አለቃ ናንታ ጫጫታውን ሰምቶ መጣ፣ ሽማግሌ ነው፣ ነገር አያስረዝምም። «ሬንጊ፣ እንኳን መጣህ። ነገ ልጠይቅህ ነበር፣ ከመጣህማ አሁን ንገረኝ። የእናትህን በር ትይዛለህ? ምሰሶህን ትተክላለህ?»

ሴቶቹ መርፌያቸውን አቆሙ። ላሙ በዚያች ቅጽበት ንዴቷን ሁሉ ለመጣል ተዘጋጅታ ነበር። ጎጆውንም፣ የዚህ አገር ሰዎች ማለቱንም፣ ውሸቱንም። አዎ ይበል ብቻ። ምሰሶውን ራሷ ትሸከምለታለች።

ሬንጊ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እግሩን።

«አለቃ» አለ፣ «ኑሮዬ ጆሆር ነው። ልጆቹ የሚማሩት እዚያ ነው። እይዛለሁ ብል እዋሻለሁ። አልችልም።»

ናንታ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። ለስድስተኛውና ለስምንተኛው በር እነግራቸዋለሁ።» ላሙን ሊያያት አልደፈረም፣ ሄደ።

ኤልሲ የማራገቢያውን ፕላስቲክ በጥፍሯ ትቧጥጣለች። ላሙ ወደ ውስጥ ገባችና ለልጅቷ ፕላስቲኩን ገፈፈችላት፣ ሶኬቱን ሰካችላት። ቀጥላ ከአራቱ ምንጣፎች አንዱን፣ ረጅሙን፣ ጠቀለለች፣ ደፉን ተሻግራ ወጣችና በረንዳው ላይ ዘረጋችው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሜይ ፎንግና ልጆቹ እኔ ጋ ውስጥ ይተኛሉ» አለች ጠርዙን እያስተካከለች። «በእኛ ቤት እንግዳ የሚተኛው በረንዳ ላይ ነው።»

ተመልሳ ገብታ ትራስ አመጣችለት።