የንሶና አዳር ጸሎት

በኪንሻሳው የማሲና ሰፈር እንደ ንሶና የሚጸልይ ሰው የለም። ይህን ያለው ፓስተር ኢሉንጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ከራሱ ጸሎት ሌላ የማንንም ጸሎት በቀላሉ አያሞግስም። ሴትዮዋ ቀኑን ገበያ ዳር ቦንቦሊኖ ስትጠብስ ትውልና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሰሌኗን ጠቅልላ ቆርቆሮ ለበሱ የጸሎት አዳራሽ ውስጥ ትገባለች። የምትወጣው ሲነጋ ነው። በዓል ሆነ፣ ዶፍ ጣለ፣ ቀርታ አታውቅም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ንሶና የመጣችው ለበሩ ብላ ነው። በሩ ከውስጥ የሚቀረቀርበት ወፍራም ብረት አለው። ንጂሊ ሰፈር ጥላው የመጣችው ባሏ ማኪዬሴ የታክሲ ሹፌር ሲሆን፣ የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚሉት ዓይነት ነው። መንገድ ላይ አሮጊት ካየ በነጻ ይጭናል፣ ቢራ ቤት ገብቶ ሰውን ሁሉ ሲያስቅ ያመሻል፤ ከዚያ ቤቱ ይገባና የካሳቫ ገንፎው፣ ፉፉው፣ ቀዘቀዘ ብሎ ሚስቱን ይደበድባል። ወንድሟ ዘንድ ብትሄድ፣ "እህቴ፣ የጥሎሹን ፍየሎች እኮ በልተናቸዋል፤ አሁን ከየት አምጥቼ ልመልስለት?" ብሎ በማግስቱ ራሱ ወስዶ አስረከባት። ለፍየሎቹ ያሰበውን ያህል ለእሷ አላሰበም።

አንድ ማታ እንግዲህ ሮጣ ወጣችና ከአዳር ጸሎት ሴቶች ጋር ተቀላቅላ ገባች። እዚያ የተነጠፈ ሰሌን ላይ በግንባሯ እንደተደፋች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጠዋት ዲያቆኑ ሲያገኛት ዓይኗ አብጧል፣ ጉንጯ ላይ የሰሌኑ መስመር ታትሟል።

"ኑ እዩ! እያለቀሰች በግንባሯ ተደፍታ ነጋባት!" ብሎ ጮኸ።

ንሶና ሰሌኑን ጠቀለለች። ዓይኗ ለምን እንዳበጠ ከመናገር ቅድስት መባሉ ቀለላት።

ከዚያ ወዲያ ሹመት በሹመት ሆነች። መጀመሪያ በር ጠባቂ፣ ቀጥሎ የአዳር ጸሎቱ መሪ። "ባልሽ ምንም አይልሽም?" ሲሏት፣ "የኔ ባል? ታክሲ ነጂ ቢሆንም እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው፤ ይፈቅድልኛል" ትላለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የንሶና ግን እያደር ከበደ። ፓስተሩ፣ እንዲህ ያለ ባልማ በአደባባይ መመስገን አለበት ብሎ ተነሣ። ድንገት ደስ ይበላት ብሎ ለእሷ ሳይነግራት ዲያቆኑን ላከው፤ ዲያቆኑም ሹፌሮቹን እየጠየቀ ንጂሊ ድረስ ሄዶ ሰውየውን አገኘው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ ማኪዬሴ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ መድረኩ ላይ ብቅ አለ። ንሶና ዛሬ ይዟት ከሄደ የጠፋችበትን ጊዜ ሁሉ በአንድ ሌሊት እንደሚያወራርድላት ታውቃለች።

"ሚስቱን ለጌታ የሰጠ ወንድ ይኸውላችሁ!" አለ ፓስተሩ፣ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ እያስታቀፈው። "ሃሌሉያ!"

"አሜን!"

"ኧረ እኔ ምን አደረግኩና፣ ፓስተር፣" አለ ማኪዬሴ እየተሽኮረመመ። "ለጸሎት ከሆነ እንዴት እከለክላታለሁ? ብቻ ናፍቃኛለች። ዛሬ እንኳ ይዣት ልሂድ።"

ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። "እውነቱን ነው! ዛሬማ ቤቷ ትደር!" አለ ፓስተሩ።

ንሶና እጇን አወጣች። "ምስክርነት አለኝ።"

ምስክርነት አለኝ ያለ ሰው አይከለከልም። ማይክሮፎኑን ሰጧት።

"ከዚህ ሰውዬ ቤት ያስወጣኝ ጌታ ይመስገን!"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ እንደ ልማዱ።

"ጥርሴን ሲሰብረው ነፍሴን ያተረፈልኝ ጌታ ይመስገን!"

"ሃሌ..." ብሎ ሕዝቡ መሃል ላይ ቀረ። ድምፁን ያሰማው ዶሮው ብቻ ነበር።

"ጾሙ በዝቶባት ነው፣ አትፍረዱባት፣" አለ ማኪዬሴ እየሳቀ። "ነይ፣ እንሂድ።" ሳቁን ያገዘው ሰው ግን አልነበረም።

ፓስተሩ ግራ ገባው። "ታዲያ ንሶና፣ ይህን ሁሉ ሌሊት አትጸልዪም ነበር ማለት ነው?"

"እጸልይ ነበር እንጂ፣ ፓስተር። ይህን በር እንዳያውቀው ነበር የምጸልየው። እርስዎ ጠርተው አመጡት።"

ፓስተር ኢሉንጋ መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፣ አንገቱን ጠረገ። አፍሮ ነበር፣ እፍረቱንም አልደበቀም።

"ወንድም ማኪዬሴ፣ ዶሮውን አስቀምጥና ውጣ።"

"ፓስተር፣ የባልና ሚስት ነገር እኮ..."

"ዶሮውን አስቀምጥ አልኩህ!"

እናቶች ከየወንበራቸው መነሣት ሲጀምሩ ማኪዬሴ አዝማሚያውን አየና ዶሮውን ጥሎ ወጣ። ዶሮው በዘማሪዎቹ እግር ሥር ሲሹለከለክ፣ ዲያቆኑ ሱሪውን ሰብስቦ ሲያሳድደው፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ንሶናም እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

"ልጄ፣" አላት ፓስተሩ ሳቁ ሲበርድ፣ "ከእንግዲህ ሌሊት ጸልዪ የሚልሽ የለም። በሩን ቀርቅረሽ ተኚ በቃ። ቤት እስክታገኚ ቤትሽ ይኸው ነው።"

ከአዳር ጸሎት ሴቶች ረድፍ አሮጊቷ ማማ ሉሳምባ ቀስ ብላ እጇን አነሣች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

"እኛስ፣ ፓስተር?" አለች።