መስመር ላይ የቀረው ሰው

የሆቴሉ ስልክ ኦፕሬተር ስሟ ተረስቶ «ሆልድ ኦን» ነበር የምትባለው። ከእንግሊዝኛ አፏ ላይ የተጣበቀችው ይህችው ብቻ ናት ብሎ ያላሾፈባት አስተናጋጅ የለም። ያስተማሯት ጡረታ የወጡት አለቃዋ ናቸው። «ለደዋይ ስትያት ትንሽ ይጠብቁ፣ አይዝጉ ማለት ነው፤ መሰላል ላይ ላለ ሰው፣ አጥብቀህ ያዝ፤ ለታመመ ደግሞ፣ በርታ፣ እጅ እንዳትሰጥ። ለፈለግሽው በያት፤ ብቻ ሳትመለሺ እንዳትቀሪ» ብለዋታል። እሷም ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብላ ይዛው፣ ወደ ደዋዩ ተመልሳ «ይቅርታ፣ አስጠበቅኩዎት» ሳትል ቀርታ አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባሏ እህት ከሆስፒታል ደወለች። «እትዬ፣ ወንድሜ በጣም ደክሟል። እስቲ ድምፅሽን ይስማ» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችለት። ትንፋሹ ተሰማት። ልክ ያኔ ሌላው መስመር ጮኸ። ልማድ ክፉ ነው፤ «ሆልድ ኦን» አለችውና ቁልፉን ተጫነች። ስትመለስ መስመሩ ተቋርጧል።

እግሬ አውጪኝ ብላ ሆስፒታል ደረሰች። ባሏ አልሞተም፤ አልዳነምም። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሏል። ቀኝ እጁ ስልክ የያዘ ይመስል ጆሮው ስር እንደተጨበጠ ቀርቷል፤ ነርሷ ብትታገለው አልፈታ አለ። ሐኪሙም «በምን እንደሚተነፍስ እኔም አላውቅም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሰውነቱ አለቀ፣ ጀርባው ቆሰለ፣ ትንፋሹ ግን አልቆመም። አጠገቡ ተቀምጣ ብታወራው ዞር ብሎ አያያትም። እሷ ግን ቢያንስ አለልኝ እያለች ደስ ይላት ነበር፤ በደስታዋም ታፍራለች።

«ምን ብለሽው ነው?» አለቻት የባሏ እህት አንድ ጠዋት። «የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ሲያቃስት መስማት አቃተኝ፣ እትዬ።»

ኦፕሬተሯ ተነስታ ወጣች። ሥራ ቦታዋ ሄዳ ማዳመጫዋን አጠለቀችና ደወለችላት። «ጆሮው ላይ አድርጊለት» አለች። ያው ትንፋሽ መጣ። ሌላው መስመር ጮኸ። ይጩህ ብላ ተወችው።

«ይቅርታ የኔ ጌታ፣ አስጠበቅኩህ» አለችው። «አሁን መዝጋት ትችላለህ።»

የስልክ እጀታ ቦታው ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ያ ድምፅ፣ ቀጭ ሲል ተሰማት።

«ምነው ዘጋሽው?» ብላ ጮኸች።

«አልዘጋሁም፣ እትዬ» አለች የባሏ እህት እያለቀሰች። «ስልኩ እጄ ላይ ነው። የሱ እጅ ነው የተፈታው።»