ግድግዳቸውን ጥለው የተረፉት

ሮማነወርቅ ጭሮ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የሰው ደምና ሽንት ታያለች። በገበያ ቀን ከበደሳና ከመቻራ መስመር የሚመጣው በሽተኛ ኮሪደሩን ሞልቶ ደጅ ድረስ ይሰለፋል። ባሏ አያና ከመቻራ ቡና የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ወጥቶ ሳምንት የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ሥራ ላይ ውሃ መጠጣት ከተወች ቆይታለች። የክሊኒኩ ሽንት ቤት ውሃ የሚኖረው አልፎ አልፎ ነው፤ ወረፋውን ጥላ መነሳትም ይከብዳታል። ስለዚህ እስኪመሽ መቻልን ለመደች።

መታመም የጀመረችው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነበር። ሽንቷ ያቃጥላታል፤ ወገቧን ይቆርጣታል። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ሳቢር አሞክሳሲሊን አዘዘላት። ጨረሰችው፤ ተሻላት። ከፋሲካ በኋላ ተመለሰባት። ጠንከር ያለ ክኒን ተሰጣት፤ ያም አሻላትና ብዙም ሳይቆይ ያው ሕመም መጣ። እንደገና ክኒን ስትጀምር ስለ ሕመሟ ማውራት ራሱ ሰልችቷት ነበር። አያና በስልክ ሲጠይቃት «ደህና ነኝ» ብላ ታልፈዋለች።

አንድ ከሰዓት፣ ክኒኑን ገና ሳትጨርስ፣ ወረፋው ቀለል ሲል የራሷን ሽንት ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገች። የጠበቀችው እንደ በትር ቀጥ ያለውን የተለመደ ባክቴሪያ ነበር። ያገኘችው ግን ክብ ክብ ያሉ፣ ያበጡ ነገሮችን ነው። መጠናቸው አይመሳሰልም፤ የአንዳንዱ ጎን እንደ ቡግር ወጣ ብሏል። የደም ሴል ናቸው እንዳትል አይመስሉም። ዶክተር ሳቢርን ጠራችው።

ሐኪሙ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው ዶክተር።»

ቀና ብሎ አያት። «የምትወስጂው ክኒን ባክቴሪያው ግድግዳ እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ግድግዳው ሲደክም ውሃ ይገባበትና ይፈነዳል። የሚሞተው እንደዚያ ነው።»

«እነዚህ ግን አልፈነዱም።»

«ሽንትሽ በጣም ወፍራም ነው፤ ጨው በዝቶበታል። እዚያ ውስጥ ውሃው አይጣደፍባቸውም። ስስ ሽፋናቸውን ብቻ ይዘው ይኖራሉ።»

«ይራባሉ?»

«አዎ። ጤነኛው ባክቴሪያ መሐሉን ለክቶ እኩል ነው የሚከፈለው። እነዚህን ግን ያ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። ሽፋናቸው ከሚይዘው ነገር በላይ እየበዛ ይሄዳል፤ ይጨማደዳል፣ ይወጣጠራል፣ በመጨረሻም ይበጣጠሳል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ይወጣል። የዘር መረጃው ያልደረሰው ይጠፋል፤ የደረሰው ይቀጥላል። መድኃኒቱን ስታቆሚ ደግሞ ግድግዳቸውን መልሰው ይሠራሉ።»

ሮማነወርቅ ከናሙናው ጠርዝ አንድ ጠብታ የተጣራ ውሃ ጨመረችና ተመለከተች። ክቦቹ አብጠው አብጠው አንድ በአንድ ጠፉ። እሱም አየ።

«ሥራ ላይ ውሃ ትጠጫለሽ?» አላት።

«መቼ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ብቻ።

ዶክተር ሳቢር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የተመላለሰብሽ በዚህ ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም። ግን ግድግዳውን ትቶ ውስጣቸውን የሚመታ መድኃኒት እንሞክር። ውሃውንም ጠጪ።»

ነርሷ አስማ ይህን ከሰማች በኋላ ጠዋት ጠዋት የሞላ ጠርሙስ ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጣለች። ለሽንት ቤቱም ጀሪካን አስሞልታለች። ጠርሙሱ ሲጎድል ስታይ «ሮሚ፣ ተነሺ፤ ናሙናውን እኔ እቀበላለሁ» ትላታለች። ከዚያ ወደ ወረፋው ዞራ በኦሮምኛም በአማርኛም «ጢቆ ኤጋ፣ ትንሽ ጠብቁ» ብላ ሰዉን ታረጋጋለች።

አዲሱ መድኃኒት አለቀ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ ሕመሙ አልተመለሰም። ሮማነወርቅ ደስ ይለኛል ብላ ስትጠብቅ የነበረውን ያህል ደስ አላላትም። ሲያቃጥላት የከረመው ነገር ሲለቃት ከሥሩ የሥራው ድካም እንዳለ ተቀምጦ አገኘችው።

አንድ ምሽት አያና ደወለ። መኪናው ከመቻራ ሲመለስ ጭቃ ይዞት ቆሟል።

«ያ ነገርሽስ?»

«ለቆኛል።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ደክሞኛል ግን፣ አያና። በጣም ደክሞኛል።»

እንዲህ ብላው አታውቅም ነበር።

«እኔም ደክሞኛል» አላት። «ስመጣ አንድ ቀን እረፍት ጠይቂ። አብረን እንተኛለን።»

«እጠይቃለሁ» አለችው፤ በነጋታውም ጠየቀች።