ሲገለበጥ የማይጎድለው

አጎቴ፣ አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸውና፣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ በኮምፒውተር ይጽፉ ነበር። የጻፉት ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ አርጅቶ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ከደሴ የመጣው ባለሙያ፣ «ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መጫን አያሻም፤ ያለውን እንዳለ ወደ አዲሱ ዲስክ እገለብጠዋለሁ» አላቸው።

አጎቴ መገልበጥ ሲባል የሚያውቁት ጤፍ ከስልቻ ወደ ስልቻ ነው። «አሮጌው ባዶውን ሊቀር?» ብለው ደነገጡ።

«ኧረ አባባ! ሲገለበጥ አይጎድልም፤ ሁለቱም ጋ ይኖራል።»

ከዚያ ወዲያ ይቺው አባባላቸው ሆነች። «ሲገለበጥ አይጎድልም» እያሉ ሙያቸውን ሁሉ ለታናሽ ወንድሜ አስተማሩት። እኔ በጎልማሳነቴ ፊደል ቆጥሬ «እኔንም ያስተምሩኝ» ብላቸው፣ «ወንድምህ ዘንድ አለልህ፤ ከሱ ገልብጥ» አሉኝ።

ዛሬ ወንድሜ ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ፣ በሳቸው ድምፅ «አይጎድልም» ይላል። እቀናበታለሁ፤ ምን እዋሻለሁ? እሳቸው እሱ ጋ አሉ። እኔ ጋ ጎድለዋል።