ለጊዜው የቸገረው ሰው

የያዙኝ ቁይ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ መጠይቄን ብብቴ ሥር እንደያዝሁ ነው። ሥራዬ የድህነት ጥናት ነበር፤ የአንድ ቀበሌ ቤቶችን በነሐሴም በጥርም እየዞርሁ «ትናንት ስንት ጊዜ በላችሁ?» ማለት። በነሐሴ ብቻ የራበውን «ጊዜያዊ»፣ እህል በሚገባበት በጥርም የሚርበውን «ቋሚ» ብዬ እጽፋለሁ። እርዳታው ለቋሚዎቹ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ቋሚ ደሃ የለንም ብሎ ለበላይ ሪፖርት አድርጓል። «ሁሉንም ጊዜያዊ በላቸው» አለኝ። እምቢ አልሁ። «ሕዝብ ያነሳሳል» ብሎ አስያዘኝ።

የገባሁበት ክፍል ደብረ ማርቆስ እስር ቤት ነው፤ ጠባብ፣ ላብና እርጥብ ጋቢ የሚሸት። ቤተሰብ ከሚያመጣው ስንቅ ላይ እየተቀነሰ በአንድ ሳፋ ይሰበሰባል። ከሳፋው የሚበላው ጨርሶ ጠያቂ የሌለው ነው፤ ቤተሰቡ የዘገየበት የእስር ቤቱን ዳቦ እየበላ ይጠብቃል። ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ፣ ሥራዬን ሲሰማ ሳቀና ማን ከሳፋው እንደሚበላ መዝግቦ መደልደሉን ለኔ ሰጠኝ።

በሦስተኛው ወር በሩ ተከፈተ። ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ራሱ ሊቀመንበሩ! ከበላዮቹ ጋር ተጣልቶ ነው አሉ። እሰይ አልሁ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

«ጠያቂ አለዎት?» አልሁት።

«እንዴታ! ባለቤቴ ነገ ትመጣለች።»

«ጊዜያዊ» ብዬ መዘገብሁት።

በነጋታው አልመጣችም። ከዚያም ወዲያ አልመጣችም። ሳፋው በተከፈተ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያን ደረቅ ዳቦ ሲያኝክ እያየሁት ከቤት የመጣልኝ ሽሮ ጣፈጠኝ። ሳምንት ሲሞላ ካቦው «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ማንም እንደሌለው እያየህ!» አለኝ።

«ራሱ ይበለው» አልሁ።

በስምንተኛው ቀን ቀና ሳይል፣ «ሚስቴ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳለች። የሚመጣልኝ የለም» አለ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍዎት?»



«ቋሚ» አለ።

እጁን አስታጥቤ ከሳፋው አቀረብሁት። ከማንም ሳላሳንስ ቆርሼ ሰጠሁት። ጎርሶ አለቀሰ። አላባበልሁትም።

ሁለታችንም ከወጣን ቆየን። ሰዎች ይቅር በለው ይሉኛል። እኔ ከታሰርሁ በኋላ ግን እነዚያ ቤቶች ሁሉ ጊዜያዊ ተብለው እርዳታው ቀርቶባቸዋል፤ ስለ እነሱ ይቅር ማለት የኔ አይደለም። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አውልቆ ይጎነበስልኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳና ያችኑ እጠይቀዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ትናንት ስንት ጊዜ በሉ?»