በየማታው ቤቷ መመለስ ያለባት መኪና

የሰው መምጣት በመኪናው ድምፅ ብቻ ታውቋችሁ፣ ገና ሳይደርስ ቀና ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያደግኩት በዚህ ነው። ቤታችን ከፒያሳ ወደ ታች ከሚወርዱት አሮጌ ቅያሶች በአንዱ ውስጥ ነው። አባዬ በናፍጣ ፒክአፑ ከመስክ ሲመለስ ከዳገቱ ሥር ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርግና ሽቅብ ይያያዘዋል። ከሁሉ ቀድመው የሚሰሙት መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በስሱ ይንጫጫሉ። እኔ ከደብተሬ ቀና ስል እማዬ በሩ ጋ ናት። መቀርቀሪያው ሲነሳና መኪናው አፍንጫውን ሲያዞር አንድ ይሆናል። ፈጣን ናት እል ነበር። አባዬ በራሱ ደጅ ክላክስ አድርጎ አያውቅም፤ ክላክስ የሚያደርገው እንግዳ ነው ባይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ የሳይንስ መምህር ነኝና ማስረዳት ልማዴ ነው። አባዬ የሚተዳደረው ፒክአፑን ከነሹፌሩ ለመስክ ሥራ በማከራየት ነበር፤ ሹፌሩም ራሱ ነው። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎችንና መንገድ ቀያሾችን ይዞ አስፋልት ወደማያውቃቸው አገሮች ይሄዳል፤ በሳምንቱ፣ አንዳንዴም በአሥራ አምስት ቀኑ ይመለሳል። መኪናዋን "አሮጊቷ" ይላታል። እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን ናፍጣ ፍለጋ ከሥራው በለጠ። ማደያ ደጅ ተሰልፎ የሚውልበት ቀን ከሚነዳበት ቀን በዛ። ታዲያ አሁን መኪና የሚሸጥ አንድ የድሮ ባልደረባው ሐሳብ አመጣ። አሮጊቷን ወስዶ፣ ጥቂት ተጨምሮበት፣ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሊሰጠው። ለቅዳሜና እሁድ መሞከሪያ ትቶለት ሄደ፤ መልሱን ሰኞ ይፈልጋል። ሁለት መኪና የመያዝ አቅም የለንም፤ ብንሳሳት መመለሻ የለውም። አባዬ ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቁሞ ሲያያቸው ቆየና፣ ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ በወረቀት አሳዪኝ አለኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ። ደብተሬን ገልጬ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ አሮጊቷ፣ በቀኝ "እንግዳዋ"። ትክክለኛ ፈተና ማለት ከአንዱ ነገር በቀር ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ ጭነቱ ያው ሦስት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ሹፌሩም ያው ሹፌር። መንገዱም ያው፤ በስድስት ኪሎ አልፎ፣ በሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያ ከአስፋልቱ ወጥቶ በባሕር ዛፉ መሃል የሚያልፈው የጭቃ መንገድ።

ቅዳሜ ጠዋት በአሮጊቷ ወጣን። ዳገቱ ላይ ጋቢናው እስከ ጥርሴ ድረስ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የምናወራው በጩኸት ነው። ጭቃው ውስጥ ስንገባ አባዬ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ጣል አደረገና የኋላው ግራ ጎማ ሊከዳን እንደሆነ ነገረኝ። ከዳንም፤ እሱ ግን ቀድሞ ማርሹን ቀይሮ ነበር። በግራው በኩል "ትናገራለች" ብዬ ጻፍኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ በእንግዳዋ። ይህን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። በሕልማችን ደረጃ ስንወጣ እግራችን ሳይደክም ላይኛው ፎቅ እንደምንገኘው ዓይነት ነበር። ስድስት ኪሎ ላይ የተማሪዎች ሳቅ በመስኮት ገብቶ አብሮን ትንሽ ተጓዘ። ሽሮ ሜዳ ላይ በየሱቁ ደጅ የተሰቀሉት ነጠላዎች ሲውለበለቡ ድምፃቸው ተሰማኝ። ስንት ዓመት በአጠገባቸው አልፌ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። አባዬ ቅዳሴ ላይ የቆመ ይመስል በሹክሹክታ ነበር የሚናገረው። እኔም በሹክሹክታ አስረዳሁት። የናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚያገኘው እየተሽከረከረ ፍጥነት ሲይዝ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ግን ገና ከቆመበት ሙሉ ጉልበቱ በእጁ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዝና ያገኘውን ለባትሪው ይመልስለታል።

"ቁልቁለት ያበላታል በይኛ" አለ።

ጭቃውን ያለ ጣጣ አለፈችው። የአባዬ ፊት ግን አልተፈታም። እንደ ልማዱ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጎ ጠበቀ፤ የሚሰማው የጭቃው መንቦጫረቅ ብቻ ነበር። ዝም ስትለኝ ምን እንዳሰበች አላውቅም አለ። የባትሪው ቁጥርም በጭቃው ላይ ቶሎ ቶሎ ወረደ፤ እሱ በሚሄድባቸው አገሮች ደግሞ መሰኪያ የለም። በቀኙ በኩል፣ ከጉድለቶቹ ሥር፣ በቀይ እስክሪብቶ "በየማታው ቤቷ መመለስ አለባት" ብዬ ጻፍኩ። በልቤ ፈተናው አበቃ፤ አሮጊቷ አሸነፈች።

ስንመለስ የአመሻሽ ፀሐይ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሁሉ መዳብ አስመስሎታል። ዳገቱን እንደ ጥላ ወጣነው። አባዬ አፍንጫዋን ወደ በራችን አዞረና ጠበቀ። በሩ አልተከፈተም። ክላክስ አድርግ አልኩት።

"በገዛ ደጄ?"

ተቀመጥን። የጎረቤት ድመት፣ የቆመው ነገር መኪና መሆኑን ሳታምን፣ በፊታችን ተንጠራርታ አለፈች። ያን ጊዜ ነው ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት የእማዬን ነጠላ ጫማ ያየሁት። አባዬን በክርኔ ነካሁት፤ እሱም አየ። ጫማዎቹ ወደ ዳገቱ አቅጣጫ ትንሽ ዞሩ፣ ተመለሱ። አንደኛው እግር አረፍ አለ፣ ሌላው ተተካ። ገና አሁን የመጣ ሰው እንዲህ አይቆምም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባዬ፣ እሷ በአሮጊቷ ድምፅ ከኩሽና ብድግ የምትል ይመስለው ነበር። ለካ ድምፁ የሚያገኛት እዚያው ቆማ ነው።

ወረደና በቁልፉ የበሩን ቆርቆሮ ሁለቴ መታ።

"ማነው?" አለች እማዬ።

"እኔ ነኝ።"

"መኪናውን የት ጣልከው?"

ስትከፍት እኔን፣ እሱን፣ ከዚያም ዝም ብላ የቆመችውን መኪና ተራ በተራ አየች። መቼ እንደደረስን ጠየቀች። አባዬ ግን ሌላ ጠየቃት።

"ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትቆሚው?"

"የት ልቁም ታዲያ" አለችው፣ በሩን ወደ ውስጥ እየሳበች።

እራት ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ከግራው ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። አባዬ ጣቱን ቀዩ መስመር ላይ አሳርፎ ቃል በቃል አነበበውና ቦታው እዚህ አይደለም አለኝ። ጉድለት መሆኑን ልከራከር ስል እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ፤ ሰረዘው፣ ከዚያ በዚያ ትልልቅ ፊደሉ ከጥቅሞቹ ሁሉ በላይ ጻፈው። ሰኞ አሮጊቷን ሲያስረክብ ሞተሯን አስነስቶ ትንሽ አዳመጣትና አጠፋት። አሁን በከተማው ውስጥ ዕቃ ያመላልሳል። እንደ መስኩ አይከፍልም፤ ይህንንም በሠንጠረዡ ላይ በሐቀኝነት አስፍሬዋለሁ።

ብርጭቆዎቹ አይንጫጩም። አንዳንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሳላውቀው ዓይኔ እነሱ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቆርቆሮው ሁለቴ ይመታል፤ እማዬም እያወቀች ማነው ትላለች።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፣ በምትጮኸውም መኪና ይሁን በዝምተኛዋ፣ በታክሲም ይሁን በእግር፣ ከማንኳኳታችሁ በፊት ትንሽ ቁሙ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በበሩ ሥር ተመልከቱ።