ማማ ላይ የወጣችው ታብሌት

ስለዚያች ታብሌት ለመጻፍ ስነሳ መጀመሪያ እጄን መታጠብ ያምረኛል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ጀርባዋ የተላሰ ከረሜላ ሆኖ መዳፍ ላይ ይጣበቃል፤ ስትግል ደግሞ የተቃጠለ የፕላስቲክ ጫማ ትሸታለች። ቻርጅ ላይ ተሰክታ እንኳ ባትሪዋ ይወርዳል። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ወደ እሷ መሄዱ ቀርቶ ከእሷ ወደ ግድግዳው የሚፈስ ይመስለኝ ነበር። ካሜራዋ ሰው ፎቶ አያነሳም፣ ይገንዛል እንጂ። ባለቤቴን አንስቼ ባሳየኋት ጊዜ ምስሉን ትክ ብላ አየችና፣ ሴትዮዋ መቼ ነው ያረፈችው አለችኝ። ፀሐይ ላይ ከወጣች ደግሞ ስክሪኗ ላይ የሚታየው የያዛት ሰው የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ነው። የራሴን አፍንጫ ያን ያህል የማውቀው በእሷ ምክንያት ነው።

ሚዛን እንዳላጓድል መልካም ጎኗንም ልናገር። ቀላል ናት፤ የወጥ ድስት ለመክደን አትከብድም። ሰፊ ናት፤ ዝንብ ለመምታት ትበቃለች። ከሁሉም በላይ ግን ድምፅ አላት። ጥሩ ድምፅ አላልኩም፤ ቆርቆሮ ቤት ሲፈርስ የሚሰማው ዓይነት ነው። በእሷ የተሰማ ዜና ሁሉ መርዶ ይመስላል። በረንዳዬ ላይ ስከፍታት የባጃጅ ነጂዎች የጭነት መኪና የመጣባቸው መስሏቸው ጥግ ይይዛሉ። ለዚህ ድምፅ ጥቅም አገኘሁለት ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ታላቅ እህቴ ቀወት ገጠር ውስጥ አንዲት የማሽላ ማሳ አለቻት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዓመቷን የምታልፈው በእሷው ነው። ዘንድሮ እህሉ ወተት ይዞ፣ ግሪሳ መውረድ ሲጀምር፣ ከጥበቃ ማማዋ ስትወርድ እግሯ ወለም አላት። ግሪሳን ወፍ ይሉታል፤ እኔ ላባ ያበቀለ ረሃብ ነው የምለው። ደመና ሆኖ ይመጣና ይሰፍራል፤ ሲነሳ ትቶት የሚሄደው ገለባና ኩስ ነው። እህቴ ደወለች። ዓመት ፈቃድ ላይ መሆኔን ባለቤቴ ነግራት ኖሮ ማምለጫ አልነበረኝም። እህሉ እስኪጠነክር ማማው ላይ ሰው ካልዋለላት ለከርሞ የምትበላው እንደሌላት ነገረችኝ። ልብሴንና ታብሌቷን ይዤ ሄድኩ።

በእኛ አገር ወፍ ብቻውን የሚጠብቅ የለም። አንዱ ከማማው ጮኾ መንጋውን ሲያስነሳ ጎረቤቱ ጩኸቱን ይቀበልና ጅራፉን ያጮኻል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ከማሳ ማሳ አሳልፈው ወደ ወንዙ ቁጥቋጦ ይሸኙታል። ካልተቀባበሉ ከዚህ የተነሳው እዚያ ይሰፍራል፣ ከዚያ የተባረረው እዚህ ይመለሳል። መንጋው ሲርቅ ደግሞ ከማማ ማማ ሰላምታ ይወራወራሉ። የእህቴ ጎረቤት፣ ሱብሂን ሰግደው ከፀሐይ ጋር ማማቸው ላይ የሚወጡ ሽማግሌ ናቸው። እህቴ ወደ ማሳው ስትሸኘኝ ያዘዘችኝ ስለ ወፉ አልነበረም።

«ጋሼ ሲጣሩ ዝም እንዳትላቸው» አለችኝ። «ብታስቀይምብኝ ማሽላዬን በእጅህ አጭደህ ለወፍ እንደሰጠህብኝ ቁጠረው።»

የመጀመሪያውን ቀን በራሴ ጉሮሮ ጠበቅሁ። እስከ ቀትር ድምፄ የጥጃ ነበር፤ ከቀትር በኋላ የእንቁራሪት ሆነ። አፌን ከፍቼ ስጮህ አንዱ ግሪሳ ከላዬ ሲያልፍ ዒላማውን አልሳተም። ጣዕሙን መግለጽ እችላለሁ፤ ምሳውን ያልበላ አንባቢ ግን ምን በደለኝ። ማታ እህቴን፣ ወፍ እንዴት እንደሚሰደብ አስተምሪኝ አልኳትና ታብሌቷን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። እሷም መደብ ላይ ተቀምጣ የዋለችበትን ንዴት ሁሉ አወጣችው። «አንተ ሆዳም፣ ያባትህ ርስት መሰለህ? ጥፋ ከፊቴ፣ ደግሜ እንዳላይህ!» ድምጿን ቀዳሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

በነጋታው ታብሌቷን በቅጠል የተከለለችው ማማ ውስጥ አሰርኳት፤ ስድቡን እየደጋገመች እንድትለቅ አዘዝኳትና ከማሳው ዳር ግራር ሥር ተጋደምኩ። ተአምር ነው የሠራችው። ያ ሁሉ ወፍ ጭስ ሆኖ ተነሳ፣ ሽማግሌው በጅራፋቸው ተቀበሉት፣ መንጋው አልፎ ወደ ወንዙ ሄደ። የታብሌቷን ኃጢአት ሁሉ ሰረዝኩላት። ከዚያም ሥራውን ለባለሙያው ትቼ ተኛሁ።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ያኔ በተከፈተው አፌ ዝንብ ይገባ ይወጣ ነበር። ሽማግሌው የእህቴን ድምፅ ሲሰሙ ደስ ብሏቸው፣ ተሻለሽ ወይ፣ እግርሽ እንዴት አደረ ብለው ይጣራሉ። ማማው፣ አንተ ሆዳም ይላቸዋል። አላወቀችኝም ብለው፣ እኔ ነኝ ጎረቤትሽ ይላሉ። ጥፋ ከፊቴ፣ ደግሜ እንዳላይህ ይላቸዋል። ሽማግሌው ጅራፋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ የራሳቸውን ማሳ ብቻ እሽ እያሉ ዋሉ። ፀሐይዋ ስትበረታ ደግሞ ታብሌቷ፣ ሙቀት በዛብኝ የሚል ጽሑፍ አውጥታ ጥርቅም አለች።

የቀሰቀሰኝ የእህቴ ምርኩዝ ነው፤ ጎኔ ላይ አረፈ። የራሷ ድምፅ ከማሳው ሲመጣ ሰምታ ያበደች መስሏት፣ ሲቋረጥ ደግሞ የባሰ ፈርታ፣ እያነከሰች መጥታለች። ቀና ብዬ አየሁ። ማሽላው አይታይም። ያለው ወፍ ነው፤ አገዳው ከክብደቱ ብዛት ጎብጧል። ከተፈለፈለው ዛላ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል፤ ኩሱና ወተቱ በፀሐይ ፈልቶ እንደተበላሸ አሬራ ይሸታል። ታብሌቷ ኖራ የተቀባች መስላ ተንጠልጥላለች፤ ላይዋ ላይ ሁለት ግሪሳ ቆሞ ላባውን ይለቃቅማል።

እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ጅራፏን አጮኸችው። መንጋው ተነሳ፣ ወደ ሽማግሌው ማሳ ሄደ፣ የተቀበለው የለም፣ ተመልሶ መጥቶ ሰፈረ። ደገመች፤ ያው ሆነ። ጅራፉን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ጋሼን ምን ብለህ ነው ያስቀየምክብኝ?» አለች፣ ሳታየኝ።

አንድ ክንዷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ወደ ሽማግሌው ሄድን። ታብሌቷን ለምስክርነት ይዣት ነበር፤ ሽማግሌው በጨርቅ እንኳ ሊነኳት አልፈለጉም። ዕቃ ናት፣ እህቴ አይደለችም የተናገረችዎ አልኳቸው። አዳመጡኝ፤ ጺማቸውን በመዳፋቸው ሰበሰቡ።

«ከጠዋት ጀምሮ ምን በድያት ይሆን እያልኩ ነው የዋልኩት» አሉ። «አሁን ዕቃ ነው ትለኛለህ። ይሄማ ባሰ። ሰው የሰደበኝ እንደሆነ ይታረቀኛል። ይሄ ምን ብሎ ይታረቀኛል? ወላሂ አንተ ልጅ፣ ማፈሪያ ነህ።»

እህቴ ቆማ መቆየት አቅቷት እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ዓመቴ ነው ጋሼ» አለች። «ለሱ ብለው ሳይሆን ለኔ ብለው ይቅር ይበሉን።»

ሽማግሌው ማሳዋን አሻግረው አዩ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። ቤት ገብታ እግሯን በጨው ውሃ እንድትዘፈዝፍ ነገሯት። ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ፣ «ነገ ራስህ ጩህ» አሉኝ። «በገዛ አፍህ።»

ሲነጋ ማማው ላይ ነበርኩ። በወንዙ በኩል ያለው ማሽላ ባዶ ገለባ ሆኖ ቆሟል፤ እህቴ በክረምት እህል መሸመቷ አይቀርም። የተረፈው ገና ወተቱን እንደያዘ ነው። መንጋው ከላይ ሲመጣ የቀረችኝን ድምፅ አጠራቅሜ ጮኽኩ፤ የታነቀ አውራ ዶሮ ይሻላል። ወፉ ተነሳ። ከወዲያኛው ማማ ምንም የለም። መንጋው አየር ላይ ዞረ፤ የሚያርፍበትን የሚመርጥ ይመስላል። ትከሻዬ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ጠብ ሲል ተሰማኝ፤ አልጠረግሁትም።

ከዚያ የሽማግሌው ጅራፍ ጮኸ። መንጋው ከሁለቱም ማሳ በላይ አልፎ ወደ ወንዙ ወረደ። ሽማግሌው ከማማቸው ላይ፣ እህትህ እንዴት አደረች ብለው ተጣሩ። ደህና አድራለች ጋሼ አልኩ፤ አልተሰማም። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደግሜ አልኩት።